ድንጋይ ተሸክመን የሄድንበት ሰርግ

ባለፈው ቅዳሜ ሞርስ ሮድ ላይ ካለ የኔፓሎች ሱቅ ጎራ ያልኩት ለእናቴ ጥቁር አዝሙድ ልገዛላት ነበር። ለመክፈል ስሰለፍ ከካሸሯ አጠገብ በትናንሽ ፕላስቲክ የተተከሉ ችግኞች ተደርድረው አየሁ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ዕቃውን ሲያነሳ በክንዱ አንዱን ነካውና ሽታው ተነሳ። በሶብላ! አልኩ በሆዴ። ወዲያው ደግሞ፣ አይ፣ በሶብላ አይደለም አልኩ። ይህን ልዩነት የተማርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እንዴት እንደተማርኩት ሳስታውስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

ያን ዓመት የምንኖረው ኖርዝላንድ፣ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ካለ አፓርትመንት ነበር። አባዬ የትራክ ሹፌር ነው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ይከርምና ሁለት ቀን ቤት ተኝቶ ይሄዳል። እማዬ ዌርሃውስ ትሠራለች። የትምህርት ቤት ባስ እኔን ከሰዓት በኋላ ያወርደኛል፣ እሷ ደግሞ ሲመሽ ትገባለች። በመሀል ያለውን ጊዜ የማሳልፈው ከእኛ በታች ካለው ቤት፣ ከቦጁ ጋር ነበር።

ቦጁ ማለት በእነሱ ቋንቋ፣ በኔፓሊ፣ አያት ማለት ነው። ከነቤተሰቧ ከቡታን ተባርረው፣ ኔፓል ውስጥ መጠለያ ጣቢያ ብዙ ዓመት ኖረው ነው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ የገቡት። የልጇ ሚስት ዲፓና እማዬ የተዋወቁት ላውንድሪ ሩም ውስጥ፣ አንድ የሚሠራ ማሽን ላይ ተጣልተው ነው። ጥሉ ሲበርድ እኔን ቦጁ ዘንድ ለማዋል ተስማሙ። የዲፓ ልጅ ሱሽማ ከእኔ አንድ ክፍል ትበልጣለች፤ ቦጁ እንግሊዝኛ ስለማትችል አስተርጓሚያችን እሷ ነበረች። ከሱሽማ የባሰ አስተርጓሚ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እማዬ መጀመሪያ ቀን፣ ትምህርት ስላልነበረ ጠዋት ስታደርሰኝ፣ ደረጃው ላይ አቁማ መከረችኝ።

«የሰጡሽን ብዪ። ሳሎን ከተሰቀለው ሥዕላቸው ፊት የቀረበውን ግን እንዳትነኪ። ሲዘፍኑም አብረሽ እንዳትዘፍኚ።»

«መዝሙር ቢሆንስ?»

«የእነሱ መዝሙር የለም።»

«ዘፈንና መዝሙር በምን ይለያል?»

እማዬ ለሥራ ረፍዶባታል። «ሰው ለሰው ሲለው ዘፈን ነው፣ ለእግዚአብሔር ሲለው መዝሙር ነው። በቃ» አለችና ቁልቁል ወረደች። እኔም ይህን ሕግ ይዤ ገባሁ። ሕጉ ግን ሳምንት እንኳ አልሠራልኝም።

ቦጁ አጭር፣ ቀጭን ሴት ነበረች። ሁልጊዜ እንደ ነጠላ የሚከናነቡት ነጭ ትለብሳለች፤ ከላዩ የልጇን ግራጫ ጃኬት፣ ከሥር ስኒከር። ከሰዓት በኋላ ድንች እየላጠች፣ ልብስ እያጠፈች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታንጎራጉራለች። ከሶፋው በላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፦ ዋሽንት የያዘ ሰማያዊ ጎረምሳና ትከሻው ላይ ዘንበል ያለች ቆንጆ ልጅ። ሰማያዊ የሆነው ከብርድ ነው ብዬ ነበር። ኖቬምበር ነዋ፣ እሱ ደግሞ ሸሚዝ እንኳ አልለበሰም።

«ምንድነው የምትለው?» አልኳት ሱሽማን አንድ ቀን። ቦጁ ዓይኗን ጨፍና ያንኑ አንድ ዜማ እየደጋገመች ነበር።

«ሌሊቱን ሙሉ ጠበቅኩህ ነው የምትለው። ጠዋት መጣህ፣ ዓይንህ ቀልቷል፣ የት አደርክ ነው የምትለው።»

«ናይት ሺፍት ነው እንዴ የሚሠራው?»

ሱሽማ ትንሽ አሰበች። «ሜይቢ» አለች።

ይህ ለእኔ በቂ መልስ ነበር። አባዬም ሌሊቱን ነድቶ ሲገባ ዓይኑ በርበሬ መስሎ ነው።

«ባሏ ነው?»

«ኖ፣ የሷ ባል አይደለም።»

«የማን ባል ነው ታዲያ?»

«የብዙ ሴቶች። አይ ዶንት ኖው፣ ማሂ። ላሞችም አሉት።»

በዚህ ዓይነት፣ ሰባ ዓመት ያለፋት ነጭ ለባሽ ጎረቤታችን ላሞች ያሉት፣ ብዙ ሚስቶች ያገባ፣ ሌሊት ሌሊት የሚሠራ ሰው ወድዳ እንደምትሰቃይ ገባኝ። አንጀቴን በላችው። ሁለት ቀን በሆዴ ይዤ ዋልኩና በሦስተኛው፣ እማዬ ወጥ ስታወጣ፣ «ቦጁ የሰው ባል ትወዳለች» አልኳት።

ጭልፋው ድስቱ ውስጥ ወደቀ። በማግሥቱ እማዬ ዲፓን ደረጃ ላይ ጠብቃ አነጋገረቻት፤ ዲፓ በሳቅ ግድግዳ ተደግፋ ስትቀር በበሩ ቀዳዳ አየሁ። እማዬ ስትመለስ ፊቷ ላይ ሳቅና ድንጋጤ ተደባልቆ ነበር።

«አምላካቸው ነው አለችኝ። ለአምላኳ ነው የምትዘምረው።»

«እንዲህ ከሆነ መዝሙር ነው ማለት ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«አምላክን የት አደርክ ይሉታል?»

«ማህሌት! እኔ ምን አውቃለሁ? ብቻ አንቺ አትዝፈኚ።»

«አትዘምሪ ነው አትዝፈኚ?»

«ሁለቱንም!»

ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት መሄዴ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ያዳነኝ ጾም ነው። ቦጁ በወር ሁለት ቀን እህል እንደማትቀምስ በአጋጣሚ ነገርኳት። እማዬ ቆም አለች። «ትጾማለች? በዚህ ዕድሜዋ?» አለችና፣ «የምትጾም ሴት ክፉ አይደለችም» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስታገኛት «እማማ» እያለች ጎንበስ ብላ ትሳለማታለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቦጁ ዘንድ ዘጠኝ አሮጊቶች ይሰበሰባሉ። አንዳንዶቹ ከሊንደን በባስ ነው የሚመጡት። የክረምት ካፖርታቸውንና ጫማቸውን በር ላይ ይከምራሉ፣ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንዷ በአንድ እጇ እያናፈሰች በሌላው የምትጫወተውን ሳጥን ትከፍታለች፣ ከዚያ ይጀመራል። እኔ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አሮጊቶች ሲዘምሩ ፊታቸው ይከብዳል። እነዚህ ግን ያኮርፋሉ፣ ይሽኮረመማሉ፣ አንዷ ተነስታ የተቆጣች ልጃገረድ መስላ ጀርባዋን ትሰጣለች፣ ሌላዋ እግሯ ላይ ወድቃ ትለምናታለች። አንድ ጊዜ ቦጁ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እያለቀሰች መስሎኝ ተጠግቼ ባያት እየሳቀች ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የምትስቅ መስሎኝ አብሬ ሳቅኩ፤ ሱሽማ በክርኗ ጎሸመችኝ። ምን እንደሚያስቃቸው፣ ምን እንደሚያስለቅሳቸው ለይቼ አላውቅም ነበር።

መስኮቱ ላይ በሸክላ የተተከለች አንዲት ተክል ነበረች፤ ቱልሲ ይሏታል። ቦጁ በበጋ ዘርታት ክንዴን አክላለች። ሽታዋ በሶብላ ነው፤ እማዬ ሽሮና በርበሬ ውስጥ የምትጨምረው፣ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የሚላክልን። ቦጁ ማታ ማታ መብራት ታበራላታለች። ትምህርት በማይኖርበት ቀን ጠዋት ሄጄ ስትቆርጣትም አይቻለሁ፦ ትታጠባለች፣ እጇን ታጋጥማለች፣ የሆነ ነገር በሹክሹክታ ትላታለች፣ ከዚያ አንድ ቅጠል ትወስዳለች። እኔ ልብ ያልኩት መቁረጧን ብቻ ነው።

«ቅዳሜ ታገባለች» አለችኝ ሱሽማ።

«ማን?»

«ቱልሲ።»

«ማንን ነው የምታገባው?»

ሱሽማ በሥዕሉ ሥር ካለች የነሐስ ሳህን ላይ የተቀመጠ፣ እንቁላል የሚያክል ጥቁር ድንጋይ አሳየችኝ። እኔ የማውቀው ሙሽራ ሱፍ ለብሶ ጥቁር መነጽር ያደርጋል።

«ድንጋይ ነው'ኮ።»

«እሱ ነው። ያ ሰማያዊው ነው።»

«ቦጁስ?»

«ቦጁ የሙሽራዋ እናት ናት።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። ቦጁ ሌሊቱን ሙሉ ስትጠብቀው የምታድረው ሰው የገዛ ልጇን ሊያገባ ነው፣ እሷ ደግሞ ልትድረው ነው! ሰርጉን ለማዘጋጀት ላይ ታች ስትል ባየኋት ቁጥር ሆዴ ይባባል። የሱሽማ አባት ለሃሎዊን ማስጌጫ ከሚሸጠው የበቆሎ አገዳ የተረፈውን አምጥቶ በአራት ማዕዘን አቆመላት፤ ዳስ መሆኑ ነው። እኔ ተክሏን በክፉ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

የዚያው ሳምንት ረቡዕ አባዬ ደወለ። እማዬ እጇ ሊጥ ስለነበር ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጭነት የሚመድበው ዲስፓቸር እስከ ሰኞ ኮንፈርም አድርግልኝ ብሎኛል» አለ በመኪናው ድምፅ መሀል። «ዊንተሩን ሙሉ ዌስት ኮስት ነው። አሁን ካለሁበት ከኢንዲያና ቀጥታ ነው የምሄደው፣ እስከ ፋሲካ ላልመጣ እችላለሁ። ምን ትያለሽ?»

«እንዳሰብክ።»

«አንቺ ምን ትያለሽ ነው'ኮ የምልሽ።»

«እኔማ ምን እላለሁ? የምትነዳው አንተ።»

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሽሮሽ ናፈቀኝ» አለ።

«በሶብላ ሳይኖር የምን ሽሮ ነው? የምታመጣልኝ ሴትዮ ጉዞዋ ተራዝሟል።»

«እሺ በቃ» አለ። ተዘጋ። እማዬ ሊጡን መምታት ቀጠለች። «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር ሁልጊዜ፤ የሚያስከፋት ነገር ሲመጣ የምትሸሸግበት ተረት ነው። እኔ ግን ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። አባዬ ሽሮ ናፈቀኝ አለ፣ እሷ በሶብላ የለም አለች፣ እሱም እሺ በቃ አለ። የጎደለው በሶብላ ነው። በሶብላ ደግሞ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ሞልቷል።

ዓርብ ዲፓ ሱሽማን ጥርስ ሐኪም ይዛት ሄደች። ቦጁ ጋደም ብላለች። እኔ የምሳ ዕቃዬን ከፍቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ቦጁ እንደምታደርገው እጄን አጋጠምኩ፤ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ «አባታችን ሆይ» አልኩ። ከዚያ በሁለት እጄ ገፈፍኳት። ቅጠሏን፣ አበባዋን፣ ፍሬዋን፣ አንድ ሳላስቀር። ዕቃው ሲሞላ እንጨቷ ብቻ ቆማ ቀረች፤ አንገቷ ላይ የታሰረው ቀይ ክር ከነቋጠሮው ታየ። ትንሽ ደነገጥኩ። ለቦጁም ደግ የሠራሁላት መስሎኝ ነበር፤ ሙሽራ ከሌለች ሰርጉ ይቀራላ።

ቦጁ ተነስታ መብራቱን ልታበራ ስትመጣ ክብሪቱን እንደያዘች ቀረች። አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ አነሳችና፣ ሰው ልብሱ ሲቀደድበት እንደሚሸፍኑት፣ ባዶዋን እንጨት ሸፈነቻት። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ እጄን ያዘች፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። የሆነ ነገር አለችኝ፣ ግን ሱሽማ የለችም፤ ምን እንዳለችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። የምሳ ዕቃዬን ይዤ ሮጥኩና እማዬ እስክትመጣ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

እማዬ ስትገባ ፊቷ ጠቁሯል። ካፖርቷን ሳታወልቅ ከኪሷ ስልኳን አውጥታ ሩዝ ማሰሮ ውስጥ ቀበረችውና ክዳኑን ገጠመች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ በዚያ ሳምንት ያልገባኝ ነገር በዝቶ ነበር። የምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ሰጠኋት።

«በሶብላ!» አለች። አፍንጫዋን ከተተችበት። ያን የመሰለ ደስታ ፊቷ ላይ ካየሁ ቆይቼ ነበር። «ከየት አመጣሽ?»

«ከቦጁ መስኮት።»

«ሰጠችሽ?»

መልስ ሳልሰጥ በሩ ተንኳኳ። ዲፓ ናት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሲስተር፣ ነገ ሰርጓ ነው» አለች በእንግሊዝኛ። «አንቺ አታውቂም። እማማ በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው ባሏ የሞተው። መበለት በሰው ሰርግ ላይ ከፊት አትቆምም። የገዛ ልጇ፣ የባሌ ሰርግ ላይ እንኳ ከኋላ ነበረች። በዓመት አንድ ቀን፣ በዚች ተክል ሰርግ ነው እናት የምትሆነው።» ከዚያ እኔን ሳታይ፣ «ከሰኞ ጀምሮ ማሂን ሌላ ቦታ ፈልጊላት» ብላ ወረደች።

እማዬ አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሌላ ቦታ የሚባል ነገር እንደሌለን እኔም አውቃለሁ። ግን በዚያ ሰዓት እንባዬን ያመጣው እሱ አይደለም፤ ቦጁ ዳግመኛ ላታየኝ መሆኑ ነው። «ይቅርታ እላታለሁ» አልኩ።

«በምን ቋንቋ?» አለች እማዬ።

ተነስታ ካፖርቷን አውልቃ ሰቀለች። በመጨረሻ፣ «እኛ አገር ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚገባው። ድንጋይ አስተርጓሚ አይፈልግም» አለች።

በማግሥቱ ከፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ ካለው የአበባ መደብ አንድ ድንጋይ መረጥን። እማዬ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ለብሳለች። ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጋ፣ አንገቴን አስደፍታ፣ በሩን አንኳኳች። በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች፤ ጫማ የሚወልቀው ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ትዝ ሲላት መልሳ አጠለቀችው፤ የሌሎቹን ክምር ስታይ ደግሞ አፍራ አወለቀችው።

ገባን። ዘጠኙም አሮጊቶች ተቀምጠዋል። እኔ አንገቴን እንደደፋሁ በዓይኔ ጫፍ ነው የማየው። ከዚያ አንዷ አሮጊት ብድግ ብላ እጇን አጋጠመችና ለድንጋዩ ሰገደች። ሁለተኛዋም ተነሳች። ሱሽማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሌላ ሙሽራ አመጣሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ይቅርታ በዪ!» አለች እማዬ ከኋላዬ።

«ይቅርታ» አልኩ በአማርኛ።

ዲፓ ግራ ገብቷት እማዬን ጠየቀቻት፤ እማዬም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ነገረቻት። ዲፓ ለቦጁ ነገረቻት። ቦጁ ተነስታ መጣች። ድንጋዩን በሁለት እጇ ከማጅራቴ አነሳችው። አንገቴ ድንገት ቀለለኝ፤ ማልቀስ የጀመርኩት ያኔ ነው። ወደ ኩሽና ወስዳ አጠበችው፣ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችው፣ አምጥታ ከቱልሲዋ እግር ሥር አስቀመጠችው። እማዬ በናፕኪን የቋጠረችውን ቅጠል ስትሰጣት ተቀብላ አንድ ቅጠል ጥቁሩ ሙሽራ ላይ፣ አንድ ቅጠል ደግሞ የእኛው ድንጋይ ላይ አኖረች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የተገፈፈችውን እንጨት በጣቷ ዳሰሰችና አንድ ነገር አለች።

«ሥሯ ደህና ነው፣ ታቆጠቁጣለች ብላለች» አለች ዲፓ። ድምጿ እንደ ትናንቱ አልነበረም።

እንጨቷን ቀይ ጨርቅ አለበሷት። ራቁቷን መሆኗ ጠፋ። ጥቁሩን ድንጋይ ከነሳህኑ አምጥተው ከጎኗ አስቀመጡት፣ ሁለቱን በክር አስተሳሰሯቸው። ቦጁ ከሁሉም ፊት ቆማለች፤ እንደዚያን ቀን ቀጥ ብላ ቆማ አይቻት አላውቅም። እማዬ ከበሩ አልራቀችም፤ አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ደጅ ነው። እጇ ከነጠላዋ ሥር ማማተቡን አልተወም። ግን ክሩ ሲቋጠርና አሮጊቶቹ ዜማውን ከፍ ሲያደርጉት፣ ድንገት ከበሩ በኩል እልልታ ቀለጠ። ሁሉም ዞሩ። እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ምን ላድርግ፣ ሰርግ ነው ብላችሁኛል» አለች በአማርኛ። ማንም አልተረጎመላትም፤ አሮጊቶቹ ግን ሳቁና በእጃቸው እያሳዩ እንድትደግመው ጠየቋት። ደገመችው።

ቦጁ ያንን የእሷን ዜማ የዘመረችው መጨረሻ ላይ ነው። እማዬ ዲፓን ምን እንደምትል ጠየቀቻት፤ ዲፓ ከሱሽማ የተሻለች አስተርጓሚ ናት።

«ቤቱን ጠርጌልሃለሁ፣ መንገዱን ሳይ ዓይኔ ደከመ፣ ማንም ምንም ይበል አላፍርም፣ ና ነው የምትለው።»

«በዚህ ዕድሜዋ? መበለት ሆና?» አለች እማዬ። ነቀፋ አልነበረም፤ በእውነት ልታውቅ ፈልጋ ነው።

ዲፓ ጥያቄውን ለቦጁ አደረሰችላት። ቦጁ ብዙ አወራች። «መንደራችን ውስጥ መበለት የባሏን ስም ጠርታ ብታለቅስ ምን አምሯት ነው ይሏታል፤ ናፈቀኝ ማለት ነውር ነው» ብላ ተረጎመችልን ዲፓ። «በአምላካችን በክሪሽና ስም ከሆነ ግን ማንም አፍ የለውም፣ ጻድቅ ናት ይሏታል። ሃምሳ ዓመት በሆዷ ያለውን ሁሉ ነግራዋለች።»

«ማንን? ባሏን ነው አምላኳን?»

ዲፓ ጠየቀቻት። ቦጁ እማዬን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች።

«እንደ ልጅሽ ነው የምትጠይቂው አለችሽ» አለች ዲፓ።

ወደ ቤታችን ስንወጣ ገና አልመሸም ነበር። እማዬ በቀጥታ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ድምጿን ሰማሁ።

«ና» አለች። «ቤቱ ቀዘቀዘኝ። ልጅቷም የሰው ጓሮ መግፈፍ ጀመረች። ብቻዬን አልቻልኩም፣ ደከመኝ። አላፍርም፣ ና በቃ።» ከዚያ የለቅሶ ድምፅ መጣ።

በጣቴ ጫፍ እየረገጥኩ ከበሩ ራቅኩ። ደስታዬን አልችለውም። ለአባዬ ነገረችው! እንደ ቦጁ አድርጋ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

ሰኞ ከባስ ስወርድ የአባዬ ትራክ፣ ተጎታቹን ፈትቶ ጭንቅላቱን ብቻ፣ ሞርስ ሮድ ላይ ካለው የተዘጋ ሱቅ ግቢ ቆሟል። ቤት ድረስ ሮጥኩ። አባዬ ካፖርቱን ሳያወልቅ ኩሽና መሀል ቆሞ፣ «ምን ሆናችሁ? ደህና ናችሁ?» ይላል። ዓይኑ ቀልቷል።

«የት አደርክ?» አልኩት። «ሌሊቱን ሙሉ ጠበቅንህ። ዓይንህ ቀልቷል።»

አባዬ አፉን ከፍቶ ቀረ። እማዬ ግን መሳቅ ጀመረች። ምድጃውን ይዛ ሳቀች፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቦጁ እንደምታደርገው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ማታ ሽሮ ሠራች፣ ያለ በሶብላ። አባዬ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ።

«ምንም አልጎደለውም?» አልኩት በፍርሃት።

«ምን ይጎድለዋል?» አለ። ትንሽ ቆይቶም ለእማዬ፣ «ዌስቱን ትቼዋለሁ» አላት። እማዬ «እንዳሰብክ» አላለችም። «ጥሩ አደረግክ» አለችው።

እኔም እስከ ፀደይ ቦጁ ዘንድ ዋልኩ። ቱልሲዋ አቆጠቆጠች፤ ድንጋያችንም ከእግሯ አልተነሳም። በሚቀጥለው በጋ ቤተሰቡ ወደ ፔንሲልቬንያ ሲሄድ ቦጁ ሸክላዋን ከነድንጋዩ ታቅፋ መኪና ውስጥ ስትገባ አይቻታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጥቁር አዝሙዱን ብቻ ሳይሆን አንዷን ችግኝም ገዝቼ ነው እናቴ ቤት የደረስኩት። በር ላይ ሳለሁ ሸተታት። «በሶብላ!» ብላ እጇን ዘረጋችና ቅጠሉ ጋ ሳትደርስ መለሰችው። ሁለታችንም ሳቅን። መስኮቱ ላይ ቦታ ስታስለቅቅላት፣ በሆዴ የከረመውን ጥያቄ አወጣሁት።

«ያን ቀን በስልክ ና ስትዪው አባዬ ምን አለሽ?»

«የትኛው ስልክ?»

«ከሰርጉ ስንመለስ። መኝታ ቤት ሆነሽ።»

እናቴ ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። «ስልኬማ ሥራ ቦታ ውሃ ውስጥ ወድቆብኝ ሩዝ ውስጥ ነበር'ኮ። ሦስት ቀን ሙሉ አልሠራም። አባትሽም ሲደውል ሲደውል አላነሳ ስለው ደንግጦ ነው የመጣው። አልነገረሽም?»

ማሰሮው፣ ክዳኑ፣ ያ የጠቆረ ፊቷ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ያኔ በመኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ ከሥዕለ ማርያምና ከሰርጋቸው ፎቶ በቀር ምንም አልነበረም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ነበር የተሰቀሉት።

«ታዲያ ለማን ነበር ና ያልሽው?»

እናቴ ችግኟን ወደ ብርሃኑ አዞረቻት፣ አፈሩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። እንደዚያው እንደቆመች የቦጁን ዜማ፣ ያለ ቃል፣ በአፍንጫዋ ማንጎራጎር ጀመረች። ይህን ሁሉ ዓመት እንደያዘችው አላውቅም ነበር።

«እማዬ፣ እሱ ዘፈን ነው መዝሙር?» አልኳት።

«ውሃ አምጪላት» አለችኝ።